ምግብ የማይሸጥ መጠጥ ቤትም ፈቃድ ይሰጠው፤ ቁጥጥሩ ከሳህኑ ወደ መለኪያው ይዙር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

መጠጥ ቤት ሊከፍት የሚያመለክት ሰው ወጥ ቤት እንዲኖረው፣ ወይም ከገቢው የተወሰነ እጅ ከምግብ እንዲመጣ፣ ወይም ምግብ ላላዘዘ ሰው መጠጥ እንዳይቀዳ የሚያስገድድ ደንብ በተለያዩ አገሮች የፈቃድ ሕግ ውስጥ ይገኛል። የሚሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የበላ ሰው ቶሎ አይሰክርም፣ ሰው የሚበላበት ቤትም ጠብ አይበዛበትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ደንቡ ይነሳ ለማለት ነው። ሆኖም «መንግሥት እጁን ያንሳ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ምግቡን ትተን ቁጥጥሩን ወደ መለኪያው፣ ወደ በሩና ወደ ሰዓቱ ብናዞረው ብዙ መጠጥ ቤቶችን የሚጠብቃቸው ግዴታ አሁን ካለው የከበደ ነው።

በቅድሚያ የደንቡ ደጋፊዎች ትክክል የሆኑበትን ላንሳ። አልኮል በአብዛኛው ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት ነው። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ካለ፣ በተለይ ቅባትና ፕሮቲን ያለው ምግብ ከሆነ፣ ጨጓራው የያዘውን ወደ አንጀት የሚለቀው ቀስ እያለ ነው፤ ስለዚህ አልኮሉ በአንዴ አይገባም፣ ደም ውስጥ የሚደርስበት ጣሪያም ዝቅ ይላል። በባዶ ሆድ የተጠጣ ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። እዚህ ድረስ አንለያይም። የምንለያየው ምግቡ መቼ ይበላል በሚለው ላይ ነው። ምግብ የሚረዳው ከመጠጡ በፊት ወይም አብሮ ሲበላ ነው። ሦስት አራት ብርጭቆ ከጨረሰ በኋላ የቀረበለት ሳህን ደሙ ውስጥ ያለውን መልሶ አያወጣለትም። ጉበት በሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር ደም የሚያነሳው በአማካይ 0.015 ግራም ገደማ አልኮል ነው። 0.12 ላይ የደረሰ ሰው ዜሮ እስኪገባ ወደ 8 ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው፤ ቡና ቢጠጣ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ ሰዓቱ አያጥርለትም።

ደንቡ ደግሞ ማን መቼ በላ ብሎ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይችልም። ቤቱ እራቱን በልቶ የመጣውን ሰው ሌላ ሳህን ያሸክመዋል፤ ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ የመጣው ግን የምግብ ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ሕጋዊ ደንበኛ ነው።

ከሁሉም የባሰው በመቶኛ የሚለካው ዓይነት ነው። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ለብዙ ዓመታት በዚህ ትታወቃለች፤ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ከምግብ፣ ከአልኮል አልባ መጠጥና ከጠንካራ መጠጥ ድምር ሽያጩ ቢያንስ 45 በመቶው ከምግብና ከአልኮል አልባ መጠጥ እንዲሆን ይጠበቅበት ነበር። ቢራና ወይን በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ሒሳቡን ጠጋ ብሎ ላየው ደንቡ የሚሸልመው የማይገባውን ነው። የአንድ ቤት የምግብ ሽያጭ 45፣ የጠንካራ መጠጥ ሽያጩ 55 ነው እንበል፤ ልክ ወሰኑ ላይ ነው። ባለቤቱ አንድ ብርጭቆ እንኳ ሳይጨምር የመጠጡን ዋጋ በአንድ አምስተኛ ቢያስወድድ 55ቱ 66 ይሆናል፣ የምግቡ ድርሻ ወደ 40.5 በመቶ ይወርዳል፣ ሰውየውም ሕግ ተላላፊ ይሆናል። ዋጋውን በአንድ አምስተኛ ቢያረክስ ደግሞ 55ቱ 44 ይሆንና የምግቡ ድርሻ ወደ 50.6 በመቶ ይወጣል። የተጠጣው አልኮል ያው ነው። እንዲያውም ርካሽ መጠጥ ብዙ ጠጪ ይስባል። ስካርን ይቀንሳል የተባለ ደንብ መጠጥ ያረከሰውን አመስግኖ ያስወደደውን ይቀጣል።

ሒሳብ የሚያውቅ ባለቤት ሌላም መንገድ አያጣም። ከጠንካራ መጠጥ ጋር የሚቀላቀለውን ለስላሳ በደረሰኙ ላይ ለብቻው አስፍሮ ዋጋውን ከፍ፣ የመጠጡን ዝቅ ያደርጋል፤ ጠጪው የሚከፍለው ድምር አይለወጥም፣ መቶኛው ግን ይስተካከላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የዓመት ወይም የወር ድምር መሆኑ ነው። ቀን ምሳ ሲሸጥ የሚውል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን አልኮል ብቻ የሚቀዳ ቤት በድምሩ ንጹሕ ነው። ጠብና አደጋ የሚመጣበትን ሰዓት ድምሩ አያሳይም፤ ተቆጣጣሪውም በዚያ ሰዓት በቤቱ መገኘት ሲገባው ቢሮው ተቀምጦ ደረሰኝ ይደምራል።

እያንዳንዱ ጠጪ ምግብ ይዘዝ የሚለው ዓይነት ከተሞከረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1896 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የወጣውና በሴናተር ጆን ሬይንስ ስም የሚጠራው ሕግ እሑድ አልኮል መሸጥን ከልክሎ፣ ቢያንስ 10 ክፍል ያላቸው ሆቴሎች ግን ለእንግዶቻቸው ከማዕድ ጋር እንዲያቀርቡ ፈቀደ። ወዲያው መጠጥ ቤቶቹ ፎቃቸውን በሳንቃ እየከፈሉ አሥር አሥር ጠባብ ክፍል አወጡና «ሆቴል» ሆኑ። ማዕዱ አንድ ደረቅ ሳንድዊች ነበር፤ ከመጠጡ ጋር ይቀርባል፣ ማንም አይነካውም፣ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። በሳንቃ የተከፈሉት ክፍሎች ደግሞ ለሴተኛ አዳሪነት መዋል ጀመሩና ከተማዋ ከእሑድ መጠጥ የባሰ ጣጣ ውስጥ ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ1905 «የአሥራ አራቱ ኮሚቴ» የተባለ የዜጎች ስብስብ የተቋቋመው እነዚህን ሆቴሎች ለማዘጋት ነበር። በወረርሽኙ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አየርላንድ መጠጥ ቤቶች ከ9 ዩሮ የማያንስ ማዕድ ካላቀረቡ አልኮል እንዳይሸጡ ስታደርግ፣ እንግሊዝም በታኅሣሥ ወር በከፊል አካባቢዎቿ «በቂ ማዕድ» ያላዘዘ እንዳይጠጣ አለች። የዚያ ጊዜው ዓላማ ስካር ሳይሆን በሽታ መከላከል ነበር፤ ግን መንገዱ ያው ሆነ። ሚኒስትሮች በሥጋ የተጠቀለለ አንድ እንቁላል ማዕድ ይባላል ወይስ አይባልም በሚል በአደባባይ ተከራከሩ። ሕግ ሳህን ሲጠይቅ ክርክሩ የሳህኑ ልክ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ «ወጥ ቤት ይኑርህ ብቻ» የሚለው፣ ለስላሳ ይመስላል። አደገኛው ግን እሱ ነው፤ ፈቃድ ሰጪዎችም እምብዛም አያስቡበትም። ለግብር ይውጣ የተከፈተ ወጥ ቤት ከሚሠራ ወጥ ቤት ይልቅ ያስፈራል። ብዙ በሚሸጥበት ወጥ ቤት ዕቃው ቶሎ ያልቃል፣ ምድጃው አጠገብ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይቆማል። ማንም በማያዝበት ወጥ ቤት ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ጊዜው ያልፋል፤ ወጥቶ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው፣ ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ሰዓታት ያድራል። መጥበሻው ዘይት ሳይቀየር ይከርማል። እየተሞቀ የቀዘቀዘ አሮጌ ዘይት ከአዲሱ ባነሰ ሙቀት ይጨሳል፣ ባነሰ ሙቀትም እሳት ይይዛል። ድንገት ምግብ ሲታዘዝ ምድጃውን የሚለኩሰው ደግሞ ባርማኑ ነው፤ ለኩሶ ወደ ባንኮኒው ይመለሳል።

ዘይቱ ሲቀጣጠል በደመ ነፍስ የሚደረገው ውሃ መድፋት ነው። ውሃው ከዘይቱ ስር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ መጠኑ ወደ 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ የሚነደውን ዘይት እስከ ጣሪያ ይረጫል። መጠጥ ቤቶች ግድግዳ ላይ በብዛት የሚሰቀለው የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ለአፍታ ያጠፋዋል፤ ዘይቱን ግን አያቀዘቅዘውም፣ ስለዚህ ተመልሶ ይነሳል። ለዘይት እሳት የተሠራው ፈሳሽ ኬሚካል ያለው ማጥፊያ ነው፤ ከመጥበሻው ከ9 ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ እሳቱን ሳያልፉ የሚደረስበት ሆኖ መሰቀል አለበት። በጠባብ ቤት ደግሞ ወጥ ቤቱ የሚሰካው የኋላ በሩ መንገድ ላይ ነው፤ የዘይት ጀሪካንና የካርቶን ክምር መውጫውን ይዘጋል። ደንቡ ባይኖር ኖሮ እሳትም ዘይትም የማይገባበት ቤት በደንቡ ምክንያት ሁለቱንም ተሸከመ።

በምትኩ ምን ይጠየቅ? መጀመሪያ መለኪያ። አንድ መጠጥ ስንት ግራም አልኮል እንደያዘ ለማወቅ ሚሊ ሊትሩን በመቶኛው አባዝቶ ውጤቱን በ0.789 ማባዛት ነው። 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ይዟል፤ 150 ሚሊ ሊትር ባለ 12 በመቶ ወይን 14 ግራም ገደማ፤ 40 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ጠንካራ መጠጥ 12.6 ግራም። እንደምናየው እጅግም አይራራቁም፤ ጠጪው «አራት ጠጣሁ» ሲል ልክ እንዲሆን የሚያደርገው ይህ ነው። በዓይን ግምት የሚቀዳ ባርማን ግን 40ውን በቀላሉ 55 ያደርገዋል። እንዲህ ያሉ አራት ብርጭቆዎች 220 ሚሊ ሊትር ናቸው፤ ጠጪው አራት ቆጥሮ የጠጣው አምስት ተኩል ነው። በጠርሙሱ አፍ ላይ የሚሰካው መቅጃም መተማመኛ አይሆንም፤ ስኳር ያለው መጠጥ የአየር ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ወፍራሙ ከቀጭኑ ይዘገያል፤ ስለዚህ «እስከ አራት ቆጥሬ እቀዳለሁ» የሚለው ዘዴ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። የፈቃዱ ግዴታ ግልጽ ይሁን፤ ልኩ የተረጋገጠ መለኪያ፣ በደንበኛው ፊት የሚቀዳ፣ አነስተኛውም ልክ ሁልጊዜ የሚገኝ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጠንካራ መጠጥ በ25 ወይም በ35 ሚሊ ሊትር፣ ወይን በ125 ሚሊ ሊትር እንዲገኝ ግዴታ ነው፤ የቧንቧ ውሃም ለጠየቀ ደንበኛ በነፃ ይሰጣል። ውሃውን በተመለከተ የምጨምረው፣ ማሰሮውና ብርጭቆው ባንኮኒው ላይ ይታይ። ጠይቆ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የሰው ብዛት። የምግብ ግዴታ ሲነሳ ጠረጴዛው ይወጣል፤ ይህን ያላሰበ ፈቃድ ሰጪ ስካር ሲፈራ እልቂት ይጋብዛል። በአሜሪካ የሕንፃ ደንብ ስሌት ጠረጴዛና ወንበር ባለበት አዳራሽ ለአንድ ሰው ወደ 1.4 ካሬ ሜትር፣ ቆመው ለሚስተናገዱበት ደግሞ ወደ 0.46 ካሬ ሜትር ይያዛል። 60 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በጠረጴዛ 42 ሰው ገደማ ይይዛል። ጠረጴዛውን ብታወጡት ያው ወለል 130 ሰው ይቆምበታል። በዚያው ደንብ እንዲህ ባለ መሰብሰቢያ ከ49 ሰው በላይ ሲገባ ሁለት መውጫ ያስፈልጋል፣ በሩም ወደ መውጫው አቅጣጫ መከፈት አለበት። ማለትም ፈቃዱ በአንድ መስመር ሲሻሻል ሕንፃው ከአንድ በር ቤት ወደ ሁለት በር ቤት ተሸጋግሯል፤ ሁለተኛውን በር ግን ማንም አልሠራም። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ ኪስ በተባለው የምሽት ክበብ 242 ሰዎች የሞቱት እሳቱ ግዙፍ ስለነበረ አይደለም፤ ጣሪያው ላይ የነበረው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ መርዛም ጭስ አወጣ፣ ሰዉም የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ምግብ የማያቀርብ ቤት ፈቃዱ ላይ የሰው ቁጥር በአኃዝ ይጻፍበት፤ ቁጥሩም በር ላይ ይለጠፍ። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለትናንሽ መጠጥ ቤቶች የተለየ ፈቃድ ስታወጣ ከ60 ሰው እንዳይበልጡ ወስና ነበር፤ ኋላ ቁጥሩን ከፍ አድርጋለች። እዚያ ምግብ በቤቱ እንዲገኝ ይጠየቃል፤ ደንበኛው እንዲያዝ ግን አይገደድም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ እኔም የምደግፈው ይህን ነው። የሚበላ ነገር ማግኘት የሚፈልግ ያግኝ፤ ታሽጎ የመጣ ወይም ከጎረቤት ምግብ ቤት በውል የሚቀርብ ቢሆን ይበቃል፣ ምድጃ አያሻውም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ፤ በነፃ የሚበተን ጨዋማ ቁርሳ ቁርስ ምግብ ተብሎ አይቆጠር። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ መጠጥ ቤቶች «ነፃ ምሳ» እያሉ ጨው የበዛበትን ያቀርቡ የነበረው ቢራ እንዲሸጥላቸው ነው፤ ዘዴው ዛሬም ያው ነው።

ሰዓትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። መዝጊያ ሲደርስ ሁለት ብርጭቆ አከታትሎ የጨለጠ ሰው ስካሩ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው መንገድ ላይ፣ ምናልባትም መሪ ጨብጦ ነው። ከመዝጊያው 30 ደቂቃ በፊት መቅዳት ይቁም፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መጠጥ ብቻ ይቀዳ።

አልቀዳም የማለት ግዴታ በብዙ ሕጎች ውስጥ ተጽፏል፤ የሚሠራበት ቦታ ግን ጥቂት ነው። ዋናው እንቅፋት ደመወዝ ነው። አስተናጋጁ ከሚሸጠው መጠጥ ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ ለሰከረ ሰው «ይበቃዎታል» በማለቱ ከኪሱ ይከፍላል። ፈቃዱ በአልኮል ሽያጭ ላይ የተመሠረተ ኮሚሽንን ይከልክል። ሥልጠናውም ምልክቱን ያሳይ፤ የሚንተባተብ ንግግር፣ ሒሳብ ሲከፍል ገንዘብ መቁጠር የተሳነው እጅ፣ ድንገት ከፍ ያለ ድምፅ። መከልከሉ ሰዎች በሌሉበት፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ባልደረባ እያወቀ ይደረግ፤ የያዘውን ብርጭቆ ከእጁ መንጠቅ ግን ጠብ መጥራት ነው።

የተከለከለ ሁሉ ገጹ በተቆጠረ ጥራዝ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደተከለከለ፣ ማን እንደከለከለ። ተቆጣጣሪ ሐሰተኛ መዝገብ ለመለየት ብዙ አይቸገርም። የሦስት ወር መዝገብ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሕፈት ተሞልቶ ሰዓቱ ሁሉ «4፡00፣ 5፡00፣ 4፡30» ከሆነ በአንድ ምሽት የተጻፈ ነው። ባዶ መዝገብም ያው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ያልከለከለ ቤት አልተመለከተም እንጂ ሰካራም አጥቶ አይደለም።

ወጥ ቤት ያለው ነባር ባለ ፈቃድ ወደ አዲሱ ዓይነት ልቀየር ሲል ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በመጀመሪያ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ በልኬት የተሠራ የወለል ንድፍ ያቅርብ፤ የእሳት አደጋ ባለሙያ ወለሉንና በሮቹን ራሱ ለክቶ ቁጥሩን ይወስን፤ ፈቃዱ የሚሻሻለው ከዚያ በኋላ ነው። የጋዝ መስመሩ በባለሙያ ተቆርጦ፣ ጫፉ ተደፍኖ፣ እንደማያፈስ በግፊት ይፈተሽ። የጭስ መሳቢያውን ብዙዎች ኮፈኑን ነቅለው ቀዳዳውን በሰሌዳ ይሸፍኑታል፤ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለው ቱቦ ግን የዓመታት ቅባት እንደተጋገረበት ይቀራል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ቀን ቢያቃጥለው እሳቱ ከታች እስከ ጣሪያ የሚሄድበት ዝግጁ መንገድ አለው። ቱቦው ተፍቆ መጽዳቱን ተቆጣጣሪው በዓይኑ ሳያይ ቀዳዳው እንዳይዘጋ በደንቡ ውስጥ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር